«ምንም የለበትም» ላለው ታብሌት የቀረበ ምስጋና

ቢተው፣ የምጽፈውን ሁሉ ቀድመህ አንብበህ የምታርመው አንተ ነበርክ፤ እዚህ ጋ ረዝሟል፣ እዚህ ጋ ተሳድበሃል እያልክ። ዛሬ አራሚ ስለሌለኝ ስድቡን ራሴ አውጥቼ ምስጋናውን ብቻ አስቀርቻለሁ። አንተ አጠገቤ ቁጭ ብለህ ስማ፤ የምጽፈው ለእነሱ ነው።

ለተከበሩ የዲጂታል ጤና መዝገብ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎ፣ ቤተሰብዎና በጽሕፈት ቤትዎ ያሉት ሁሉ ከማንኛውም ሕመም ተጠብቃችሁ እንድትኖሩ፣ ድንገት ብትታመሙም ስለ እናንተ የተጻፈው ሁሉ ከእናንተ ቀድሞ ሐኪሙ ዘንድ እንዲደርስ ከልብ እመኛለሁ።

አማረ ባዘዘው እባላለሁ፤ ደብረ ማርቆስ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ከታላቅ ወንድሜ ከቢተው ጋር አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን፣ ይጁቤ አካባቢ ካሉት ወላጆቻችን ዘንድ ስንቅ በተራ እያመላለስን እንማር ነበር። ወንድሜ ባለፈው ጥቅምት፣ ፔኒሲሊን እንደማይስማማው በእናንተ ታብሌት ላይ ተጽፎ እያለ፣ ፔኒሲሊን ተወግቶ ሞተ። ጽሕፈት ቤትዎ ለዚህ ላበረከተው አስተዋጽኦ በተራ ቁጥር እንዳመሰግን ይፍቀዱልኝ።

1. ስለ አረንጓዴው ምልክት። ባለፈው ዓመት ቢተው ያንን መድኃኒት ወስዶ ፊቱና ጉሮሮው ባበጠ ጊዜ፣ የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሥራነሽ ነገሩን በታብሌቷ መዘገበች። ጤና ኬላው ያለበት ሸለቆ ኔትወርክ የለውም፤ ታብሌቱ ግን፣ በተመረቀበት ቀን እርስዎ እንደተናገሩት፣ ያለ ኔትወርክም ይሠራል። እውነትዎን ነው። ጽሑፉን ተቀበለ፣ አረንጓዴ ምልክትም አሳያት። አረንጓዴው ጽሑፉ እዚያው ታብሌቱ ውስጥ ሲቀመጥም ሆነ ከተማ ሲደርስ ያው አንድ መሆኑን፣ የእያንዳንዱን ሰው መዝገብ ለብቻው መርጣ «ላክ» ማለት እንዳለባት ግን የነገራት አልነበረም። በየቅዳሜው ታብሌቱን በነጠላ ጠቅልላ ኔትወርክ ወዳለበት ኮረብታ የምትወጣው እናንተ አጥብቃችሁ የምትጠይቁትን ሪፖርት ለመላክ ነበር። ቢተው ባያት ቁጥር ዛሬም ሕፃኑን ክርስትና ልታስነሺ ነው እያለ ይቀልድባት ነበር፤ እሷም ክርስትና አባቱ አንተ ነህና ና ተሸከም ትለው ነበር። የቢተውን መዝገብ ስታይ አረንጓዴ ነው፤ የሄደ መሰላት።

2. ስለ «ምንም የለበትም»። ቢተው በትኩሳት ነዶ መናገር ባቃተው ዕለት በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ለነርሷ አንድ መድኃኒት ጉሮሮውን እንደሚዘጋው፣ ስሙን ባላውቅም የገጠሯ ሠራተኛ በታብሌት እንደጻፈችው ነገርኳት። እሷም እንደተማረችው ታብሌቱን ከፍታ ወደ እኔ አዞረችው፦ «ይኸው ተመልከት፤ የማይስማማው መድኃኒት፣ ምንም የለበትም ይላል።» ለታብሌቱ ከወንድሜ ስምና ዕድሜ በቀር የደረሰው ነገር አልነበረም። ሰው ፈልግ ተብሎ የተላከ ሕፃን እንኳ ሲያጣው አላገኘሁትም ብሎ ይመለሳል እንጂ እንዲህ ያለ ሰው የለም አይልም። የእናንተ ታብሌት ግን አላውቅም ማለት የሚያሳፍረው ኩሩ ታብሌት ነው። እኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ እሱ የመንግሥት ንብረት ስለሆነ፣ የታመነው እሱ ነው።

3. ስለ ወረቀቱም አመሰግናለሁ። ሥራነሽ ነገሩን በትንሽ ካርድ ጽፋ ቢተው ኪስ ውስጥ ልትከትለት አስባ ነበር፤ በወረቀት የሚሠራ ሠራተኛ እንደሚጠየቅ የሚገልጸው ማስጠንቀቂያችሁ ግድግዳው ላይ ስለተለጠፈ ተወችው። ማስጠንቀቂያው የተጻፈው በወረቀት ነው።

4. አባቴ ቢሮዎ ድረስ መጥቶ ሲጠይቅ መረጃው እንዳልጠፋ፣ የዘገየ ብቻ እንደሆነ በትሕትና ተገልጾለታል። አባቴ ገበሬ ነው። ዝናብ ሲዘገይ ምን እንደሚከተል ስለሚያውቅ ሌላ ጥያቄ ሳያነሳ ወጣ።

ክቡር ኃላፊ፣ ቢተው ራሱ በስልኩ ፕሮግራም መጻፍ ይማር ነበር። ለእኔና ለእሱ የስንቅ መዝገብ ሠርቶልን ነበር፤ ምን እንዳለቀና ወደ ቤት ሄዶ ስንቅ የሚያመጣው ተረኛ ማን እንደሆነ የምንጽፍበት። ያለ ኔትወርክ ይሠራል፤ ስልኮቻችን ማታ ቤት ሲገናኙ እርስ በርስ የያዙትን ይለዋወጣሉ። አንዱ ስልክ ላይ ብቻ ያለው ነገር ቢጫ፣ ሁለቱም ላይ የደረሰው አረንጓዴ ይሆናል። ቢጫው ምን ያደርጋል ብዬ ስነዘንዘው፣ «እኔ ጻፍኩ ማለት አንተ ሰማህ ማለት አይደለም» አለኝ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ለጽሕፈት ቤትዎ በነጻ አበርክቻለሁ።

በሥራነሽ ታብሌት ውስጥ የሄደ መስሎ የተቀመጠ የብዙ ሰው ጽሑፍ አለ፤ የእናቴም አለበት። እንግዲህ ቀጣዩን የምረቃ ሪባን ከመቁረጥዎ በፊት፣ ያልደረሰው ነገር ሲኖር ታብሌቱ «አልደረሰኝም» እንዲል ቢያስደርጉልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። እናቴም ልትታመም ትችላለችና።

የሰው ሞት ያልበገረውን የሥራ እርጋታዎን እያደነቅሁ፣ አረንጓዴ ምልክትዎ ሳይደበዝዝ ለብዙ ዘመን እንዲኖር እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

አማረ ባዘዘው
የቢተው ታናሽ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከቀብሩ በኋላ ሥራነሽ እያለቀሰች ኮረብታው ላይ ወጥታ የወንድሜን መዝገብ ልካለች፤ ደርሷል። አሁን በከተማው ያሉት ታብሌቶቻችሁ ሁሉ ቢተው ፔኒሲሊን እንዳይወጋ በቀይ ጽሑፍ ያስጠነቅቃሉ። ስለ ጥንቃቄያችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ ደግሞ ወደ ኪራይ ቤታችን ተመልሼ ብቻዬን በነቃሁበት የመጀመሪያ ጠዋት፣ ሹሮው ማለቁን አይቼ በስልኬ ጻፍኩ። ስንቅ ለማምጣት ተረኛው ቢተው ነበር፤ ስሙን ሳልነካ ተውኩት። ቢጫ አሳየኝ። ቦርሳዬን ይዤ ወደ ትምህርት ቤት ከመውጣቴ በፊት በሩ ላይ ቆሜ እንደገና አየሁት፤ ቢጫ ነበር።