የኦማሄኬ ጉድጓድ በአሮጌው ካርታ

ለምወድህ ወንድሜ ለቬያማ፣ በዓሣ ፋብሪካው የባሕሩን ብርድ እንዴት ቻልከው? እኛም ከብቶቹም ደህና ነን።

ቄሱ ጀርመኖች በገዙን ዘመን የተሣለ የአገራችንን ካርታ ለአባባ ሰጧቸው። አባባ በልጅነታቸው ከጀርመኖቹ ጦርነት ሲሸሹ እናታቸው በውሃ ጥም ሞተው የቀሩበትን የኦማሄኬ በረሃ ጉድጓድ አገኙበት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ነጥቡ ላይ እርጎ ያንጠባጥባሉ። ጎረቤታችን ካፔና፣ «እትዬ ኡሪካ፣ ወረቀትም ይጠማው ጀመር?» ብላኝ ሳቀች። አባባ ግን፣ «ዝም በይ! ገና አልረካችም» አሏት።

ትናንት ደግሞ ካርታውን በጣታቸው ለክተው፣ «ልጄ፣ ቅርብ እኮ ነው፤ አንድ ጣት ብቻ» አሉኝ። ጉድጓዱ ከደረቀ ስንት ዘመኑ! ቅላቸውን ውሃ ሞልተው በር ላይ አስቀምጠዋል። እኔም ጫማቸውን ከትራሴ ሥር አድርጌ እተኛለሁ።

ፈቃድ ከሰጡህ ቶሎ ና። የአያቶቻችን እሳት መንገድህን ያብራልህ።

እህትህ ኡሪካ