የወይዘሮ ሸዋርካብሽ ጓንጉል የሕይወት ታሪክ፦ የግሸን መንገድና የስለት ጥላቸው

ወይዘሮ ሸዋርካብሽ ከአባታቸው ከአቶ ጓንጉል ደመቀ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሠርኬ ኃይለመለኮት በ1946 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ሞላሌ ተወለዱ። እስከ አራተኛ ክፍል ተምረው በ1963 ዓ.ም. አዲስ አበባ አክስታቸው ዘንድ መጡ፤ በርበሬ በረንዳ ገብተውም ከአርባ ዓመት በላይ ዛላ በርበሬ ነገዱ። በ1968 ዓ.ም. ከአቶ ምንይሉ ይገረም ጋር ጋብቻ መሥርተው ሐመልማልንና ኢዩኤልን ወልደዋል። ወሬ ላይ ቀልደኛ፣ ሚዛን ላይ ግን ቀልድ የማያውቁ ነበሩ።

በ2003 ዓ.ም. ጉልበታቸው አብጦ ሐኪም ደረጃ እንዳይወጡ ከለከላቸው። እርሳቸውም ጉልበቴን ከፈወስሽልኝ ወርቀ ዘቦ ጥላ ይዤ በእግሬ እመጣለሁ ብለው ለግሸን ማርያም ተሳሉ፤ ጥላውንም ቀድመው ገዙ። ዓመት ጠበቁ፣ አልተሻላቸውም። በ2004 ዓ.ም. ጳጉሜን ሲገባ ግን ሰንዳፋ ድረስ ልሞክረውና ካመመኝ እመለሳለሁ ብለው ጥላውን ታቅፈው ወጡ። ሰንዳፋ ላይ አመማቸው። አልተመለሱም። ጣርማበር ቁልቁለት ላይ ቁጭ ብለው እንደ ልጅ አልቅሰው፣ ምን ብድግ እንዳደረጋቸው ራሳቸውም ሳያውቁት ተነሥተው በሃያ አራተኛው ቀን ግሸን ደረሱ።

ግራ መጋባቱ እዚያ ጀመረ። ድነው ከሆነ ጉልበታቸው ለምን ይጠዘጥዛቸዋል? ካልዳኑስ ያን ሁሉ አገር በማን እግር አቋረጡት? ሳልድን ድኛለሁ ብዬ እመቤቴን አልዋሽም አሉና ጥላውን ይዘው ተመለሱ። የነፍስ አባታቸው ስለቱ ሰምሯል አሉ፤ አቶ ምንይሉ አልሰመረም አሉ፤ በረንዳው ለሁለት ተከፈለ። ሦስት ጊዜ ደግመው ሄዱ፤ ሦስቴም እያመማቸው ደርሰው ጥላውን መልሰው አመጡት። የበርበሬ ብናኝ እንዳይነካው በላስቲክ ተጠቅልሎ ከሱቁ በር ጀርባ ተንጠልጥሎ ኖረ። ከዚያ ወዲህ የሚፈሩት ነገር አልነበረም፤ በ2010 ዓ.ም. አቶ ምንይሉ ሲያርፉ ቤቱን ቀጥ አድርገው የያዙት እርሳቸው ናቸው። ብርታቱ ከየት መጣ ብንላቸው እኔ እንጃ ይሉን ነበር።

በኩላሊት ሕመም በሕክምናና በጸበል ሲረዱ ቆይተው ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በ71 ዓመታቸው አረፉ። ከማረፋቸው በፊት ሐመልማል ጥላውን ምን እናድርገው ብላ ብትጠይቃቸው፣ «አሁንም ግራ እንደገባኝ ነው። አንቺ አስገቢልኝ። ድና ነበር ወይ ካሉሽ፣ አላውቅም፣ ብቻ መጥታ ነበር በያቸው» አሏት።

ወይዘሮ ሸዋርካብሽ የሁለት ልጆች እናትና የአራት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ታክሲ ሳትይዝ ከሰፈር የማትወጣው ሐመልማል በሚመጣው ጳጉሜን ጥላውን ይዛ በእግሯ ትነሣለች። ጉልበቷን እንጃላት፤ እርሷም እንጃ ብላናለች።

እያነከሱ አራት ጊዜ ደጇ የደረሱትን እናታችንን፣ እመቤታችን በአምስተኛው ወጥታ ትቀበልልን። አሜን።