የሾተላይ ሌላ ስሙ

ሰኞ፣ መስከረም 20

ዛሬም ዘገየሁ። ከሆስፒታሉ ቤተ መጻሕፍት በ9 ሰዓት ወጥቼ፣ ሴይቼንቶ ታክሲ ውስጥ ከሰው ጋር ተጣብቄ፣ ኮርሱ ተጀምሮ ደረስኩ። አስተማሪያችን ሚስተር ጆርጅ፣ ህንዳዊ ነው፣ እስክቀመጥ ጠበቀኝ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ሙያ ማሻሻያ። ከየሆ/ሉ የተሰበሰብን ነን። የዛሬው ትምህርት ያረጀ መጽሐፍን ስለ ማስወገድ። ያረጀ የሕክምና መጽሐፍ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ስሕተት እያስተማረ ሰው ይጎዳል አለ። ጻፍኩት።

ስመለስ መንገዱ ላይ አደይ አበባ። መስቀል አለፈ፣ ልጆቹ ግን አልጣሉትም። አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። ቢጫ ነገር ማየት አልችልም፣ አንቺ ደብተሬ ታውቂያለሽ።

ወረቀት ሰው አይደለምና ላንቺ ልንገርሽ። አርግዣለሁ። ሦስት ወር ሆነኝ። ለታደሰም አልነገርኩም። ባሌ ነው፣ ግን ምን ብዬ? ከመጀመሪያ ልጄ ከአልማዝ በኋላ ሁለት ወንዶች ወለድኩ። ሁለቱም በማግስቱ ቢጫ ሆኑ። ሁለቱም ክርስትና ሳይነሱ ሄዱ። ሰፈሩ ሾተላይ ናት ይላል። መንፈሱ እናቲቱ ላይ ያድራል፣ በዓይኗ ልጇን ይበላል። ያረገዙት ጎረቤቶቼ ሲያዩኝ ነጠላቸውን ሆዳቸው ላይ ይስባሉ።

ረቡዕ 22

ሚ/ር ጆርጅ ጥያቄ አደለን። ሐኪሞች በእውነት የጠየቁት ነው፣ የፈተና አይደለም። እያንዳንዳችን ከመጽሔት ማውጫዎቹ አዲስ የተጻፈውን ፈልገን እናቀርባለን። ብጣሽ ወረቀቶቹን ባርኔጣው ውስጥ ጨምሮ አዞረ።

የእኔን ከፈትኩ። የመጀመሪያ ልጅ ጤነኛ፤ ተከታዮቹ በተወለዱ በቀናቸው ቢጫ ሆነው ይሞታሉ። ምክንያቱ? አዲስ የተገኘ ነገር አለ? ጠያቂው የእኛው ሆ/ል የሕፃናት ሐኪም፣ ዶ/ር ሰሎሞን።

ወረቀቱን መልሼ አጠፍኩት። አጠገቤ የተቀመጠው አቶ ግርማ የወባ ጥያቄ ደርሶታል። እንቀያየር አልኩት። ደስ ብሎት እጁን ዘረጋ። ወረቀቱን ልሰጠው አልቻልኩም። እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ይቅርታ አልኩት።

ዓርብ 24

ለጥያቄው መልስ አልፈለግሁም። ማውጫው ከወንበሬ ጀርባ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ጀርባዬን ሰጥቼው ዋልኩ።

ከመደርደሪያዎቹ ኋላ ልቅሶ ሰማሁ። የሕፃናት ክፍሉ ከላይ ነው፣ ከዚያ ነው ብዬ ተውኩት። ግን የደከመ ልቅሶ ነው፣ መጥባት ያቃተው ልጅ። ያንን ልቅሶ አውቀዋለሁ። ወደ ላይ ወጥቼ ነርሷን ጠየቅኋት። ዛሬ የሚያለቅስ የለም፣ ሁሉም ተኝተዋል አለችኝ።

ከሥራ በኋላ ሰባተኛ ሰፈር፣ ታደሰ የጨርቅ ሱቅ ሄድኩ። አንዲት ሴት ለመጋረጃ ቢጫ ጨርቅ ጠየቀችው። ጣቃው ከራሱ በላይ ተደርድሯል። የለንም አላት። በጣቷ አሳየችው። የተሸጠ ነው አላት። ወደ እኔ አላየም። እኔም ወደ እሱ አላየሁም። ስናወራበት የኖርን አይመስልም? አንድ ቀን እንኳ አውርተንበት አናውቅም።

ማክሰኞ 28

እማማ፣ የታደሰ እናት፣ አወቁብኝ። ለካ ሥጋ ሲቀርብልኝ ስገፋ ያዩኝ ነበር።

«ስንት ወርሽ ነው?»

«ሦስት።»

«እሑድ አዋቂው ዘንድ እወስድሻለሁ። ስትወልጂም ልጁን ሳታዪው ተቀብዬ እወጣለሁ። ሌላ ሴት ታሳድገዋለች።»

«ሳላየው?»

«ክፋት መሰለሽ? የልጄን ልጅ መቅበር አቃተኝ እኮ፣ የኔ ልጅ።»

እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። እሺ አልኳቸው። ምን እላለሁ? በዓይኔ መሆኑን እኔም አምኜ ነበር። የመጨረሻው ሲሞት ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነበር፣ ይተርፍልኝ እንደሆነ ብዬ። ብቻውን ሞተ።

ሐሙስ 30

ጠዋት፣ ማንም ሳይገባ፣ ማውጫውን አወረድኩ። ደም በሚለው ሥር። ከዚያ አዲስ የተወለዱ ሕፃናት በሚለው ሥር። ከተጠቀሱት መጽሔቶች የተወሰኑት እኛው ጋ አሉ፣ ራሴ ነኝ የደረደርኳቸው። ቆሜ አነበብኩ። መቀመጥ አልቻልኩም።

አር ኤች ይሉታል። የእናት ደም አንድ ነገር ይጎድለዋል፣ የልጁ ደም ከአባቱ ያንን ይወርሳል። የመጀመሪያው በደህና ይወለዳል። የእናት ደም ግን ያን ጊዜ ይነቃል፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ልጅ ደም እንደ ባዕድ ያጠፋል። ቢጫነቱ ከዚያ ነው።

ዓይን የሚል ቃል የትም የለም።

አዲስ መርፌም ተገኝቷል፣ ለእናት ከወለደች በኋላ የሚሰጥ። ደሟ ሳይነቃ ነው ግን። እኔን አልፎኛል። ሌላው መንገድ የሕፃኑን ደም እንደተወለደ በሌላ ደም መለወጥ።

ማልቀስ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልመጣም። ከመደርደሪያው ኋላ ያ ድምፅ መጣ። ደሜ ነው አልኩት፣ ጮክ ብዬ። ዝም አላለም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 1

የራጉኤል ዕለትም የጁምዓ ቀንም። ከአንዋር መስጊድ በኩል መንገዱ በሰጋጅ ተሞልቷል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ነጭ ለባሹ ይፈስሳል። ተሸካሚዎቹ ሳይቀሩ ሸክማቸውን አውርደው ቆመዋል። በእግሬ ሄድኩ።

ያገኘሁትን ለዶ/ር ሰሎሞን ራሴ ወሰድኩለት። አመሰገነኝ፣ ማገላበጥ ጀመረ። አልወጣሁም።

«ሌላ ነገር አለ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «የጠየቅህላት ሴት እኔን ትመስላለች።»

ወንበር ሳበልኝ። ሁሉንም ነገርኩት። ደሜን ቀዱ። ከሰዓት ውጤቱን ነገረኝ፣ አር ኤች የሚጎድለው ደም ነው። ታደሰም ይመርመር አለ። ደም መለወጡን እዚህ ሁለት ጊዜ ሞክሮታል። አንዱ ልጅ ዳነ፣ አንዱ አልዳነም። አልዋሸኝም። ስለዚያ ወደድኩት።

ቅዳሜ 2

ለታደሰ ነገርኩት፣ ሱቁን ሲዘጋ። እርግዝናውን፣ ደሙን፣ መርፌውን፣ ያልዳነውን ልጅ። ቁልፉን እንደያዘ ቆመ።

«የኔም ደም አለበት ማለት ነው?»

«የሁለታችንም።»

መንገድ ላይ እጄን ያዘ። በሰው ፊት። አሥር ዓመት ሙሉ አድርጎት አያውቅም።

እሑድ 3፣ ጠዋት

እማማ ነጭ ለብሰው ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። ለአዋቂው የሚሄደው ጥቁር ዶሮ እግሩ ታስሮ አጠገባቸው ተጋድሟል። አልሄድም አልኳቸው። የደሙን ነገር ባወቅሁት መጠን አስረዳሁ። ብዙው አልገባቸውም።

«እንግዲያ አንቺ አይደለሽም የምትበዪያቸው?»

«ደሜ ነው፣ እማማ።»

«ደምሽ አንቺ አይደለሽም?»

ይህን መጽሔቶቹ አልጻፉትም።

ነገ ታደሰን ይዤ ለምርመራ ሆ/ል እገባለሁ። ቀኑ ሲደርስ ልጁ እዚያ ይወለዳል፣ የሚወጣ ደም ይውጣ፣ የሚገባ ይግባ። እኔ እቀበለዋለሁ። ሳላየው ማንም አይወስደውም፣ ቢሞትም እያየሁት ነው። ይህንን ለእማማ እንዲህ ብዬ ልነግራቸው ወጣሁ፣ ዶሮውን እየፈቱ አገኘኋቸው። ቀና ብለው «ስትወልጂ እኔም አብሬሽ እገባለሁ» አሉኝ።