የትልቁ አዳራሽ ግድግዳ ስለነጠቀን ባልደረባችን ከነጻ ሶፍትዌር ጉባኤ በጎ ፈቃደኞች ኮሚቴ የተሰጠ የሀዘን መግለጫ

የነጻ ሶፍትዌር ጉባኤ በጎ ፈቃደኞች ኮሚቴ መሥራቹንና የቴክኒክ አስተባባሪውን፣ በኮሌጁ የኮምፒውተር ላቦራቶሪ ቴክኒሽያን የነበሩትን፣ ሁላችንም «አባ ሽቦ» እያልን የምንጠራቸውን ባልደረባችንን ባለፈው ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ በሞት ማጣቱን ለሠራተኞች፣ ለተማሪዎች፣ ለአባላትና ለሕዝብ የሚያስታውቀው በጥልቅ ሀዘን ነው። በፍርሃትም ነው። ይህን ሁለተኛውን ቃል በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ማስገባት ልማድ አይደለም፤ ምክንያቱን ከታች ጽፈናል።

አባ ሽቦ በተወለዱ በሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ያረፉት በትልቁ አዳራሽ መድረክ ላይ ለጉባኤው የኮምፒውተር መስመር ሲዘረጉ ኤሌክትሪክ ይዟቸው ነው። የታመሙ አልነበሩም።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ኮሌጁ አርጅተዋል ብሎ ሊጥላቸው በመጋዘን ደጃፍ የደረደራቸውን አርባ ኮምፒውተሮች ለምነው አስቀሩ። ማንም የሚገለገልበት፣ ውስጡን ከፍቶ የሚያየው፣ የሚያርመውና ለጎረቤቱ የሚያካፍለው ነጻ ሶፍትዌር ጫኑባቸው። ሠላሳ አንዱ ተነሡ። እያንዳንዱን ሲፈቱ «ይሄ እኮ አልሞተም፣ አኩርፎ ነው» ይሉ ነበር።

በተከታዩ ዓመት በእነዚያው ኮምፒውተሮች የመጀመሪያው ጉባኤ ተካሄደ። ስልሳ ሰው መጣ። ወንበሩን የተሸከሙት፣ ገመዱን የዘረጉት፣ ሰው ሲበተን ወንበሩን መልሰው የደረደሩት እሳቸው ናቸው። በመዝጊያው ላይ ምስጋና ሲነበብ ስማቸው ተዘለለ። እሳቸው ቅር ያላቸው አይመስሉም ነበር። ቅር ያለን እኛ ነን፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀንም።

ከስድስት ዓመት በፊት ለግቢው የጽዳት፣ የጥበቃና የአትክልት ሠራተኞች ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በላቦራቶሪው የፊደል ትምህርት ጀመሩ። በሃምሳ አንድ ዓመቷ ሀ ሁ ብላ የተነሣች አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ዛሬ የዚህ ኮሚቴ ጸሐፊ ናት። በዚያ ኮሪደር ስንት ምሁር በእርጥብ ወለል ላይ እየረገጠ አልፏል፤ «ማንበብ ትችያለሽ እህቴ?» ብሎ የጠየቃት ግን አንድ ሰው ብቻ ነው።

ዘንድሮ አራት መቶ እንግዶች የሚጠበቁበትን ጉባኤ ለማዘጋጀት ከሦስት ወር በላይ ከሥራ ሰዓት ውጭ ደክመዋል። ጉባኤው አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው አረፉ።

እንዴት እንዳረፉ መናገር ግዴታችን ነው። ከእኛ መካከል የቆየ አሠራር አለ። ስህተት ያየ ሰው በኮምፒውተር በጋራ ሰሌዳችን ላይ ይጽፋል፤ ያነበበ ሁሉ «አይቻለሁ» የሚል ምልክት ያደርግበታል። ብዙ ዓይን ካየው የሚያርመው አይጠፋም ብለን እናምናለን። ለፕሮግራም ደህና አሠራር ነው፤ ፕሮግራም ሰው አይገድልም።

ከአደጋው አምስት ቀን ቀደም ብሎ አንዲት ተማሪ በሰሌዳው ላይ «የመድረኩ የብረት መደርደሪያ ይነዝራል፤ ትናንት እጄን ነዘረኝ» ብላ ጻፈች። ሃያ ሦስት ሰው አየሁ አለ። አንዱ «አንቺን ነዘረሽ፣ እኔንማ አቅፎ ሳመኝ» ብሎ ቀለደ፤ ሳቅንለት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላል፤ ማስጠንቀቂያውም ለሃያ ሦስታችን ጌጥ ሆነልን። ሄዶ ኤሌክትሪኩን ያጠፋ የለም። ለሕንፃ አስተዳደር ደብዳቤ የጻፈ የለም። አባ ሽቦ በዚያ ሳምንት ገመድ ሲጎትቱ ስለሰነበቱ ሰሌዳውን አልከፈቱም። በአፍ የነገራቸውም አልተገኘም፤ እያንዳንዳችን ሌላው ነግሯቸዋል ብለን ነበር።

በዚያ ማክሰኞ የመድረኩ ወለል ታጥቦ ገና አልደረቀም ነበር። ያጠበችውም፣ ከሃያ ሦስቱ አንዷም ይህን የምትጽፈው ጸሐፊ ናት። ይህ መስመር ይሰረዝ ያሉ አባላት ነበሩ፤ አልተሰረዘም።

ከቀብር በኋላ የባለቤታቸው ወንድም፣ በሙያቸው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ የብረት መደርደሪያው የተገጠመበትን የመድረኩን ግድግዳ እንዲያዩልን ለመንናቸው። በአደጋው ጊዜ የተቃጠለው የግድግዳው ቦታ ነጭ ቀለም ተቀብቶ ጠበቀን፤ ቀለሙ ገና ይሸታል። «ይነዝራል» የሚል ወረቀትም ተለጥፎበታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የሕንፃ አስተዳደር ኃላፊው መጥተው «ተስተካክሏል እኮ! ዛሬ ደግሞ ቴስተር በኪሱ የያዘ ሁሉ ኢንጂነር ሆነ» አሉ። ወንድምየው በእርጋታ «እንግዲያው ጋሼ፣ እጅዎን እዚህ ያሳርፉ፤ እኔም ቴስተሬን ኪሴ እከታለሁ» ሲሉ መለሱላቸው። ኃላፊው ሁለት እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

ኤሌክትሪክ መኖሩን የሚያሳየው ቴስተር በራ። ወንድምየው ግድግዳውን ይዘው በኮሪደሩ በኩል እየሞከሩ ሄዱ፤ እኛም በእግር ጣታችን ተከተልናቸው። በቁጥር አራት ክፍል በመስኮቱ የብረት ፍሬም ላይም በራ። «መስመሩ አንድ ነው፣ ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚያወርደው የምድር ሽቦም ተበጥሷል» አሉ። «እኔ ልጄን እዚህ ክፍል አላስቀምጥም።» በቁጥር አራት ክፍል በየቀኑ ዘጠና የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ይማራሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብዙዎቻችን የበር እጀታ በእጃችን ጀርባ ሳንሞክር አንይዝም፤ ቤታችን ገብተን እንኳ።

በማግስቱ ለኮሌጁ በጽሑፍ አሳወቅን። መልሱ የመጣው በሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው አፍ ነው። በሀዘን መግለጫው ላይ «በድንገተኛ ሕመም» ብለን እንድንጽፍ፣ እንዲያ ካደረግን አዳራሹ ለጉባኤው እንደሚፈቀድልን፣ ካላደረግን ግን ኮሚቴው በግቢው የመሰብሰብ ፈቃዱን እንደሚያጣ ነገሩን። «ለሞተ ሰው አንድ ቃል ምን ያደርግለታል? ለእናንተ ግን ብዙ ያደርጋል» አሉ።

ዓርብ ዕለት አሥራ ሰባት አባላት በላቦራቶሪው ተሰብስበን መከርን። የሒሳብ መምህሩ «ሦስት ልጅ የማሳድገው በዚህ ግቢ ደመወዝ ነው፤ በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» አሉ። አልወቀስናቸውም፤ የሁላችንም ሆድ እንደዚያው ይል ነበር። «አራት መቶ ሰው ጠርተን የት እናስገባው?» ያሉም ነበሩ። የሟች ሴት ልጅ፣ የነርስነት ተማሪዋ፣ ጥቁሯን እንደለበሰች በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ተቀመጪ ብንላት እንቢ አለች።

«አባዬ ራሱን እንኳ አሞት አያውቅም» አለች። «በሕመም ካላችሁ፣ ነገ ምን ነበረበት ብለው ሲጠይቁኝ ምን ልበል? እሺ፣ ለእኔስ ግድ የለም። ቁጥር አራት ያሉትን ልጆች ማን ይነግራቸዋል?»

ድምፅ ተሰጠ፤ አሥራ አንድ ለስድስት። ይህ መግለጫ እንዳለ ይውጣ ተባለ።

በዚህ መሠረት ጉባኤው በትልቁ አዳራሽ አይካሄድም። ሌላ ቦታ እስካሁን አላገኘንም፤ ላናገኝም እንችላለን። ቲኬት የቆረጣችሁ፣ ከሩቅ ለመምጣት የተዘጋጃችሁ እንግዶች ይቅር በሉን። ከእንግዲህ በኮሚቴው ሰሌዳ ላይ «አይቻለሁ» የሚለው ምልክት ተነሥቷል። በምትኩ ያየው ሰው ምን እንዳደረገና በስንት ሰዓት እንዳደረገ ይጽፍበታል፤ ያላደረገም «አላደረግሁም» ብሎ ይጽፋል።

በልብስ ስፌት ሥራ ከጎናቸው ሆነው ቤታቸውን ላቆሙት ለባለቤታቸው፣ ለሴት ልጃቸው፣ እንደ እናት ላሳደጓቸው ለታላቅ እህታቸው፣ ለላቦራቶሪው የሥራ ጓደኞቻቸውና በቅዳሜው ትምህርት ፊደል ለቆጠሩ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። አጽናኑን ብለን ደጃችሁ የምንመጣ ሰዎች አይደለንም፤ ከበደሏችሁ ወገን ነን። ቢሆንም እንመጣለን፤ ብትቆጡንም ቁጭ ብለን እንሰማለን።

የቁጥር አራት ክፍል ተማሪዎች ወላጆች ይህን ልብ በሉ። ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ልጆቻችሁ በዚያ ክፍል ፈተና እንዲቀመጡ ማስታወቂያ ወጥቷል፤ ትናንት ማታ ድረስም አልተነሣም። ይህ ኮሚቴ ኤሌክትሪክ የመቁረጥ ሥልጣን የለውም፤ ቁልፉም በእጁ አይደለም። ስለዚህ ሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ፣ መስመሩ እስኪቆረጥ ድረስ፣ አባላቱ በቁጥር አራት ክፍል በር ላይ እንቆማለን። መግለጫው እንዳለ እንዳይወጣ ድምፅ ከሰጡት ስድስቱ መካከል ሁለቱ እንቆማለን ብለዋል፤ አንደኛው የሒሳብ መምህሩ ናቸው። አብራችሁን መቆም የምትፈልጉ ኑ። የምትፈሩም ኑ፤ እኛም ፈርተናል።

የነጻ ሶፍትዌር ጉባኤ በጎ ፈቃደኞች ኮሚቴ