ቀኑ የማን እንደሆነ አንነግርህም

ማክሰኞ

ጀሪካን ሙሉ ውሃ ታረቀኝ አናት ላይ ደፋሁ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፣ እሰየው።

ታረቀኝ የምንጩ ዘበኛ ነው። ምንጩ ከቤተክርስቲያኑ ሥር ነው የሚወጣው። የደብሩ አለቃ ካለፈው ወር ጀምሮ ልማደ አንስት ላይ ያለች ሴትም፣ አራስም ከዚያ እንዳትቀዳ ገዝተዋል። ቀኗ የሆነች ወንዝ ትውረድ። ወንዙ ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን ይበላል፣ መመለሻው ዳገት።

ዛሬ ቀድቼ ስነሳ፣ ሰው በተሰለፈበት "ንጹሕ ነሽ?" አለኝ። አንተ ከታጠብህ ስንት ቀንህ ነው አልሁት። ሴቶቹ ሳቁ። ክንዴን ጨመደደኝ። ከዚያ ጀሪካኑ።

እውነቱን ለመጻፍ፣ ቀኔ ነበር።

ረቡዕ

አለቃ ከቅዳሴ በኋላ አወገዙ። እኔን አይደለም። ከዘጠነኛ ክፍል በአፌ የተባረርሁ የቡሬ ልጅ፣ ማን ይቆጥረኛል። ያወገዙት አክስቴን ነው፣ ያስጠጋችኝን። እናቴ ወደዚህ ገጠር የላከችኝ አክስቴ ስትወልድ እንዳግዛት ነበር፣ ባሏ ቆጋ መስኖ ላይ ሥራ ስለሄደ። ይኸው አገዝኋት።

እሳት የሰጣት፣ ውሃ ያቀበላት፣ እንዴት ዋልሽ ያላት ውግዝ ይሁን አሉ።

እሁድ ሕፃኗ ሰማንያ ቀኗ ነው፣ ክርስትና የምትነሳበት። አይሆንም ተብሏል። አክስቴ ድንጋይ በአንገቷ ተሸክማ ሕዝብ ፊት ይቅርታ ካልጠየቀች በቀር።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሕፃኗን እያጠባች "ትንሽ ብትታገሽ ምን ነበረበት?" አለችኝ፣ ሌላ የለም። ሕፃኗ ክርስትና ሳትነሳ አንድ ነገር ብትሆንስ? አላለችውም። ሁለታችንም ግን እሱን ነው የምናስበው።

ሐሙስ

ወንዝ ሁለት ጊዜ። ተረከዜ ተልጧል።

የሚያናግረን የለም። አንዷ ጎረቤት ድንች በፌስታል አጥሩ ላይ ሰቅላ፣ ዞርም ሳትል ሄደች። ሳይሰጡ መስጠት መሆኑ ነው።

ለአለቃ የምለውን ይቅርታ በቃሌ እያጠናሁ ዋልሁ። ጥሩ ይጀምርና መሃል ላይ ስድብ ይሆናል። ደከመኝ።

ዓርብ

እማማ ጥሩዬ መጡ። በጠራራ ፀሐይ፣ በፊት ለፊት በር። ከአገሩ ሴት ሁሉ ትልቋ ናቸው። ተቀመጡና ውሃ ጠየቁ። አክስቴ እማማ፣ እርስዎም ይወገዛሉ ብትላቸው፣ ከኔ ዕድሜ ምን ተርፎ ነው አሉና ጭልጥ አደረጉት።

ጠዋት ታረቀኝ እሳቸውንም ንጹሕ ነዎት ወይ ብሏቸዋል። እሳቸውን! "ከተወኝ ስንት ዘመኔ። ግን ቀኔ ይሁን አይሁን ለአንተ አልናገርም አልሁት" አሉን። ከኋላቸው ያለችው እኔም አልነግርህም አለች። ቀጥሎ ያለችውም። እስከ ሰልፉ ጭራ። ታረቀኝ ጀሪካን በዱላ ሰባበረ፣ አንዷን ትከሻዋን መታት። ማንም አልተናገረም፣ ማንም አልቀዳም። አሮጊቶቹ ሳይቀሩ ወንዝ ወረዱ።

እኔ ያን ሁሉ ስሳደብ ይህችን አላሰብኋትም።

ቅዳሜ

በኛ አገር ድንጋይ ተሸክሞ የመጣን ሰው ይቅር ሳይሉ መመለስ ነውር ነው። ይፍታህ ሳይባል ደግሞ ድንጋዩ አይወርድም። የደም ባላጋራ እንኳ ይህን ይፈራል። እማማ ጥሩዬ ከቤት ቤት ሲዞሩ ዋሉ። "አንዷን ማጎንበስ ይችላሉ። ሁላችንም ጎንበስ ብንል ምን ሊያደርጉ ነው?"

አክስቴ አንች ብትቀሪ ይሻላል፣ አፍሽን አላምነውም አለችኝ። አኮረፍሁ። ከዚያ ጓሮ ሄጄ ድንጋይ መረጥሁ። መጀመሪያ ትንሽ። አፈርሁና ቀየርሁት።

እሁድ

ሳይነጋ ወጣን። ክርስትናው ከቅዳሴ በፊት ስለሆነ። በየመንገዱ ሴት፣ በየአንገቱ ድንጋይ። የቤተክርስቲያኑ በር ላይ ተደረደርን። አክስቴ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ድንጋዩን ማጅራቷ ላይ አድርጋ ከፊት።

አለቃ ወጡ። አክስቴ "ይፍቱን አባ። ምንጩንም ይፍቱልን" አለች። አንችስ አጥፍተሻል፣ የሌሎቹ ጥፋት ምንድን ነው አሉ። እማማ ጥሩዬ ቀና ሳይሉ መለሱላቸው።

"ሴት ሆነን መፈጠራችን ነው አባ።"

አለቃ ወደ ውስጥ ተመለሱ። እኛ ቆምን። ፀሐይ ወጣች። ታረቀኝ ዱላውን ይዞ ሊበትነን መጣና እናቱን መሃላችን አያት። ቆመ፣ መሬት መሬት እያየ። ወንዶቹ ነውር ነው፣ ኧረ ነውር ነው እያሉ ማጉረምረም ጀመሩ። ካህናቱም ቅዳሴው አለፈ እያሉ ለአለቃ ደጋግመው ላኩባቸው።

መጨረሻ ላይ አለቃ ወጥተው "እግዚአብሔር ይፍታችሁ" አሉ። ስለ ምንጩ ምንም ሳይሉ ገቡ።

ሕፃኗ ተጠመቀች። አክስቴ ያኔ አለቀሰች፣ ያን ሁሉ ቀን ያላለቀሰችውን።

እኔ አንድም ቃል አልተነፈስሁም። ይጻፍልኝ።

ሰኞ

አንገቴ አይዞርም። ቀኔ አላለቀም። ጀሪካን ይዤ ምንጩ ሄድሁ።

ታረቀኝ አለ፣ ዱላውም አለ። ንጹሕ ነሽ ብሎ አልጠየቀኝም። ቅጅም አላለኝም። ወደ ዛፎቹ ዞሮ ቆመ። ሞላሁና ተመለስሁ።

ተፈቅዷል? እንጃ። ተፈቅዷል ያለኝ ሰው የለም። ነገ ይጠይቀኝ ይሆናል።

ድንጋዬን አልጣልሁትም። ቤታችን በር ሥር ነው።