አምስት ዓመት ለኤሌክትሪክ ምህንድስና

እትዬ ሀጀራ፣ የአላህ ሰላም ጂዳ ድረስ ይድረስሽ። ሙቀቱ በረድ አለልሽ? እዚህ መካነ ሰላም ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ደርቋል፤ እኛም አልሀምዱሊላህ ደህና ነን።

እኔ ታናሽሽ አሚራ የአስራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና አለፍኩ። የፊዚክስ መምህራችን ጋሽ በፍቃዱ ስለ ኤሌክትሪክ ምህንድስና አስረዱኝ። በመጀመሪያው ዓመት ሁሉም ተማሪ አንድ ላይ ይማራል፤ በሂሳብና በፊዚክስ ጥሩ ውጤት ያመጣ ደግሞ ወደ ኤሌክትሪክ ይገባል። በኋላ ድርጅት ገብቶ መለማመድ አለ፤ መጨረሻ ላይ የመውጫ ፈተና አለ። በጠቅላላው አምስት ዓመት ነው። «አንቺ ትችይዋለሽ» አሉኝ።

እማዬም ደህና ናት። ባለፈው ከገበያ ስትመለስ ቤታችንን አልፋ ሄዳ ጎረቤታችን የሺእመቤት ይዛት መጣች። እማዬ «ወሬ ይዞኝ ነው» ብላ ሳቀች። አሁን ገበያ አብረን ነው የምንሄደው።

ማለፌን ስነግራት እጄን ይዛ ረጅም ዱዓ አደረገችልኝ። ስትጨርስ «ለአሚራም ንገሪያት፤ ደስ ይላታል» አለችኝ። «እሺ፣ እነግራታለሁ» አልኳት።

ኮንትራትሽ መቼ ነበር የሚያልቀው? ዩኒቨርሲቲው በጥቅምት ይጠራናል ብለዋል።

እማዬ ሰላም ብላሻለች። አላህ በአፊያ ያገናኘን።

እህትሽ አሚራ