ጫልቱ ስልኳን የሰጠችኝ ሳምንት

አርብ፣ ሰኔ 6፤ ጠዋት 3፡00

አሁንም አይሰራም። ፊደል እጫናለሁ፣ ስክሪኑ ዝም። ደግሜ እጫናለሁ፣ ዝም። አራተኛ ቀን። ሐሙስ የመመረቂያ ፕሮጀክታችንን መምህራን ፊት እናቀርባለን፣ የጻፍነው ከርነል (ኮምፒውተሩን የሚያዘው ዋና ፕሮግራም) ግን ሰው ሲያናግረው አይሰማም።

ላንቺ ላስረዳሽ፣ ማስታወሻዬ፣ ምናልባት ለራሴም ይገባኛል። ፕሮሰሰሩ ሥራ ላይ ነው። ኪቦርድ ሲነካ ኢንተራፕት ይልክበታል፣ ወደዚህ እይ ማለት ነው። ፕሮሰሰሩ የያዘውን ያስቀምጣል፣ የኪቦርዱን ጉዳይ ይፈጽማል፣ ተመልሶ ካቆመበት ይቀጥላል። ትራፕ የሚባልም አለ። እሱ ከውጭ አይመጣም፤ ፕሮግራሙ ራሱ ለዜሮ ሲያካፍል ወይ የማይነካ ሜሞሪ ሲነካ ከርነሉ እጅ የሚወድቅበት ነው። ትራፑን የጻፈችው ጫልቱ ናት፣ ይሰራል። ኢንተራፕቱን የጻፍኩት እኔ። ይኸው!

ጫልቱ (ከዚህ ወዲያ ጫ.) የሱሉልታ ልጅ ናት። ቡራዩ አንድ ክፍል ተከራይተን ስንኖር ሦስት ዓመታችን። ዛሬ ስልኳን ሰጠችኝ። እስከ ሐሙስ አንቺ ያዢው፣ የቤት ጉዳይ ከሆነ ብቻ ንገሪኝ አለች። እሷ ሐሳቧ አንዴ ከተበተነ ቀኑ አለቀ። እኔማ እናቴ ከሰበታ በቀን አምስቴ እየደወለች ነው ኮድ የምጽፈው፤ ኮዴም እንደዚያው ነው።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7፤ ከሰዓት 9፡20

ልብስ እያሰጣሁ የጫ. ስልክ ጮኸ። ኦቦ ለሚ፣ አጎቷ። እናቷ አዴ ብርቄ ልባቸው ደክሞ ትናንት ሆ/ል ገብተዋል። ለጫ. እንዳትነግሪ አሉኝ። ያሉትም አዴ ብርቄ ራሳቸው ናቸው፣ ልጄ ሐሙስን ሳትጨርስ አትስማ ብለው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ወተት ሸጠው ነው ያስተማሯት።

እሺ አልኩ። ምን ልበል? የሰው ቤት ነገር ነው፣ የጠየቁኝም ትልቅ ሰው። ደግሞ በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለተማሪ አይነገርም። የአያቴን መርዶ እኔም የሰማሁት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከጨረስኩ ወዲያ ነው። ያኔ ደግ ያደረጉልኝ መስሎኝ ነበር።

ጫ. ከውስጥ ማን ነው አለች። ኦቦ ለሚ፣ ሰላም ብለውሻል አልኳት። ሰላም ይሁኑ ብላ ወደ ሥራዋ። አንዴም ቀና አላለችም።

እሑድ፣ ሰኔ 8፤ ጠዋት 4፡00

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ መንገድ ላይ ተደወለ። ራሳቸው አዴ ብርቄ! ድምፃቸው ቀጠን ብሏል እንጂ ደህና ናቸው። ትበላለች ወይ? ትተኛለች ወይ? የሱሉልታ ብርድ እንኳ ያልጣላት ልጅ በኮምፒውተር እንዳትታመምብኝ አሉ። ሳቅሁ። መረቁኝ፣ እኔንም እንደ ልጃቸው።

እፎይ። ሐሙስ ሩቅ አይደለም።

ሰኞ፣ ሰኔ 9፤ ጠዋት 5፡00

ስህተቱ ተገኘ። ጫ. ናት ያገኘችው፣ ስህተቱ የእኔ። ኪቦርዱ ኢንተ. ይልካል፣ የእኔ ኮድ ወዲያው «ደርሶኛል» ብሎ ይመልሳል። ፊደሉን ግን ወረፋ ውስጥ አያስገባም፣ ይጥለዋል። ላኪው የደረሰ ይመስለዋል፣ ተቀባዩ የመጣ ነገር መኖሩን አያውቅም። ጫ. በሳቅ ፈረሰች። ምን አይነት መልእክተኛ ነሽ አንቺ አለችኝ።

እኔ መሳቅ አቃተኝ። ምን ሆንሽ ብትለኝ ጨጓራዬ ነው አልኳት፣ ሄዳ ውሃ አመጣችልኝ።

ያው ቀን፣ ከሰዓት 8፡40

አዴ ብርቄ ደወሉ። ትንፋሻቸው ያጥራል። ሀሳባቸውን ቀይረዋል። ፈተናው ይቅር አሉ። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ኮቱ በይልኝ፣ ትምጣ፣ ፊቷን ልይ። ሁለቴ አሉት። እሺ አዴ፣ አሁኑኑ እነግራታለሁ አልኩ።

ከዚያ ምን አደረግሁ? እንደ ቂል ኦቦ ለሚን ለማስፈቀድ ደወልኩ። ሐኪሙ ተሽሏቸዋል ብሏል፣ መድኃኒቱ ነው የሚያስቀባዥራቸው፣ ሦስት ቀን ለቀረው ነገር የልጅቷን አራት ዓመት ገደል አትክተቺ አሉኝ። አደራ አሉ።

ደስ አለኝ። እውነቱን ልጻፍ፣ እፎይ ነው ያልኩት። ያለሷ ሐሙስን አልወጣውም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ገባሁ። ጫ. የተስተካከለውን ኮድ እየሞከረች ነው። ስሟን ጻፈች፣ ስክሪኑ ላይ ወጣ። አቀፈችኝ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10፤ ጠዋት 2፡30

አዴ ብርቄ ንጋት ላይ አረፉ።

ኦቦ ለሚ እያለቀሱ ነው የነገሩኝ። ቀብር ነገ ስድስት ሰዓት። ጫ.ን ግን ሐሙስ ማታ አምጪያት፣ እኛ ሽማግሌዎች ሆነን እናረዳታለን አሉ። የእናቷ ቀብር ሊያልፋት! አይሆንም አልኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ አይሆንም አልኩ፣ ነገሩ ካለፈ ወዲያ። ዘጋሁባቸው።

ጫ. ሻይ እየጠጣች ስላይድ ታስተካክላለች። እኔ በር ላይ ነኝ። ይህን የምጽፈውም ላለመግባት ነው።

4፡00

ነገርኳት። መርዶ እንደዚያ አይነገርም፤ ሰው የለ፣ ትልቅ ሰው የለ፣ በሩና አልጋው መሀል ቆሜ። ላፕቶፑን ከደነችው። መቼ ታመመች አለች። አርብ፣ እኔ ቅዳሜ ሰማሁ አልኩ። ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ተከትያት ወጣሁ። እስከ አስኮ፣ ከአስኮ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ ሱሉልታ፣ ታክሲ ላይ አጠገቤ ተቀምጣ አንድ ቃል አልተናገረችኝም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12፤ ጠዋት 4፡00

ሱሉልታ ነኝ፣ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ። ዝናብ። አሁን መምህራኑ ፊት የምንቆምበት ሰዓት ነበር። ጫ. ሰዓቱን ያወቀች አትመስልም። ፊቷን ነጭታ አባብጧል። ትናንት መቃብሩ ላይ ሀርሜ፣ ሀርሜ፣ እማዬ እያለች አራት ወንድ ነው የያዛት።

ማንም አልወቀሰኝም። ይባስ ብሎ ሴቶቹ እህት ናት እኮ ይሉኛል፣ አብራ ያደረች እያሉ ንፍሮ ያስጨብጡኛል። ኦቦ ለሚ አይናቸውን ከእኔ ያሸሻሉ፣ እኔም ከእሳቸው።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14፤ ጠዋት 1፡40

ትናንት ከሣልስቱ ወዲያ ጫ. አናገረችኝ። የእናቷ አልጋ ላይ ተቀምጠን። ጠርታኝ ነበር? አለች። ያንን ብቻ።

ምላሴን በቆረጠው! አይ፣ ፈተናሽን ጨርሺ ነው ያሉት አልኳት። ያው የቅዳሜው ቃላቸው ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። አንገቴ ስር ተወሽቃ አለቀሰች። ተመስገን፣ ሳትጠብቀኝ ነው የሄደችው፣ ብትጠብቀኝ ኖሮ አልችለውም ነበር አለች። ደግሞ አመሰገነችኝ። እኔን!

ስለዚህ ዝም ብል ይሻላል? ሌሊቱን ሙሉ ይህንኑ ስል ነጋ። ብነግራት ሁለተኛ መርዶ ነው። ባልነግራት ትድናለች፣ እኔም እድናለሁ፣ ጓደኛዬም አይለየኝም። ኦቦ ለሚም ብጠይቃቸው ሬሳ አይቀሰቀስም ነው የሚሉኝ።

አይ። እኔ ስለ እሷ የወሰንኩት ይበቃል። ሰኞ ከሰዓትም ለእሷ የሚሻለውን አውቄላት ነበር። እናቷ ጠርተዋታል። የመጨረሻ ቃላቸው ነው፣ ለእሷ የተላከ ነው፣ የእኔ አይደለም። እድሜ ልኳን ትጥላኝ።

ጫ. ከድንኳኑ ጀርባ የእናቷን ላም እያለበች ነው፣ ላሟ ለጎረቤት አልታለብ ብላ። ብቻዋን ናት። ኮቱ ብለውሻል፣ ሁለቴ፣ ሰኞ በስምንት ሰዓት ተኩል እላታለሁ። ሌላ ምክንያት አልጨምርም። አሁን ተነሳች፣ ልሂድ።